ደመኛና ጽዋ፦ ይቅርታ፣ በእግዚአብሔር መታመንና መንፈሳዊ ነጻነት በጋምቤላ ታሪክ

(ይህ ጽሑፍ ለፋኩልቲው መምህራን፣ ተማሪዎችና እንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው ታርሟል።)



በአማርኛ «ደመኛ» የምንለው ቃል አንድ ለየት ያለ ጠባይ አለው። ገዳዩም ለሟች ወገን ደመኛ ነው፤ የሟች ወገንም ለገዳዩ ደመኛ ነው። ቃሉ በዳይና ተበዳይን አይለይም። ሁለቱንም በአንድ ገመድ አስሮ ያስቀምጣቸዋል። አንዱ በሌሊት ሲሸሽ ሌላው በሌሊት ያደባል፤ ሁለቱም እንቅልፍ የላቸውም። ዛሬ ስለ መንፈሳዊ ነጻነት እንድናገር ስትጋብዙኝ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይህ ገመድ ነው።

«ይቅርታ» የሚለው ቃል በተቃራኒው ከ«ቀረ» የመጣ ነው። ይቅር ማለት «ይተው፣ እዚያው ይቅር» ማለት ነው። በግእዙ የአባታችን ሆይ ጸሎት ውስጥ ያለው ግስም «ኀደገ» ነው፤ መተው፣ መልቀቅ። የግሪኩ ወንጌል የሚጠቀምበት ግስ እንዲሁ መልቀቅን፣ ዕዳን መሰረዝን ያመለክታል። ሦስቱም ቋንቋዎች የሚነግሩን ይቅርታ በመጀመሪያ ስሜት አለመሆኑን ነው። ይዞ የነበረ እጅ የያዘውን ሲለቅ የሚፈጸም ድርጊት ነው። ሰው የያዘውን ደም የሚለቀው ግን ለማን ነው? መሬት ላይ ይጥለዋል? ወይስ ለሌላ ለሚይዘው አካል ያስረክበዋል? የክርስትና ትምህርት ሁለተኛውን ይላል፤ በእግዚአብሔር መታመን የሚገባውም በዚህ ቦታ ነው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሰባኪ ስላልሆንኩ ይህ ትምህርት እውነት መሆኑን ላስረዳችሁ አልመጣሁም። በአንድ ቦታ፣ በጋምቤላ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ምን እንደ ገጠመው ለመከተል ብቻ እሞክራለሁ።

ከወንዙ የመጣ ወንጌል

አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ካርታ የሚመለከት ሰው ጋምቤላን «ዳር» ይለዋል። የጋምቤላ ወንጌላዊ ክርስትና ታሪክ ግን ከመሀል ወደ ዳር የሄደ አይደለም። ከምዕራብ፣ ከናይል ተፋሰስ በወንዝ የመጣ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ጣቢያው ከ1904 ጀምሮ የሱዳን አስተዳደር የሚቆጣጠረው ወደብ ሆነ። በክረምት ባሮ ሲሞላ እንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ወደቡም ያንቀላፋል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንግድ በሚገባ አጥንተውታል፤ ተማሪዎች እንድታነቧቸው አደራ እላለሁ። ጣቢያው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

በዚሁ የውኃ መንገድ ነበር ሐኪሙ ሚሲዮናዊ ቶማስ ላምቢ በ1919 እ.ኤ.አ. ከሱዳኗ ናስር ተነሥተው በጋምቤላ በኩል ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬዋ ደምቢ ዶሎ የወጡት። በጊዜው የሕዳር በሽታ ዓለምን ያጠቃ ነበርና ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም ይፈልጉ ነበር። እዚያ የተዘራው በኋላ በዓይነ ስውሩ ወንጌላዊ በቄስ ጊዳዳ ሶላንና በባልንጀሮቻቸው እጅ አደገ። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያባርር ጉባኤውን የጠበቁት እነርሱ ነበሩ። በ1947 እ.ኤ.አ. የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ራሷን ችላ ቆመች፤ በ1974 ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች።

በቆላው በአኝዋክ መካከል የተሠራው ሥራ ሌላ መልክ ነበረው። አሜሪካዊው ዶን ማክሉር በ1938 በሱዳን አኮቦ ላይ ጀምረው፣ በ1950 እ.ኤ.አ. ድንበሩን ተሻግረው በባሮ ዳር ፖክዎ ላይ ጣቢያ ከፈቱ። ሐሳባቸው የውጭ ሰው ለዘላለም የሚቀመጥበት ሚሲዮን መመሥረት አልነበረም። በተወሰነ ዘመን ውስጥ ሐኪሙን፣ መምህሩን፣ ገበሬውንና ወንጌላዊውን አሰልፎ ሥራውን ለአገሬው ትቶ መሄድ ነበር። ሀርቬይ ሁክስትራ ከአኝዋክ ተባባሪዎች ጋር አዲስ ኪዳንን ወደ አኝዋክኛ መለሱ። ማክሉር ራሳቸው በመጋቢት 1977 እ.ኤ.አ. በኦጋዴን ጎዴ ላይ በታጣቂዎች ተገድለው እዚያው ተቀበሩ። አሳዳጅና ተሳዳጅ በየቀኑ በሚለዋወጡበት በዚያ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ከጋምቤላም ወጡ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ለዓመታት ተጨነቁ።

በተርጓሚዎቹ ሥራ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኑዌርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እግዚአብሔር «ኩዎዝ» ነው፤ በአኝዋክኛው «ጅዎክ» ነው። አዲስ ስም አልመጣም። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ዝናብ ሲዘገይ፣ ልጅ ሲታመም፣ ደም ሲፈስ የሚጠራው ስም ነው። ስለዚህ ወንጌሉ ስለ ይቅርታ ሲናገር ባዶ ቤት ውስጥ አልገባም። ቤቱ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ፣ ስለ ደም በሚገባ የታሰበበት ሥርዓት ነበር።

ከብቱና ጽዋው

ኤቫንስ-ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ኑዌርን ሲያጠና ሥራው በአብዛኛው በሱዳን በኩል ቢሆንም፣ የገለጸው ሥርዓት ድንበር አያውቅም። በኑዌር ዘንድ ሰው የገደለ ሰው በቀጥታ የሚሄደው «ኩዋር ሙኦን» ወደሚባለው የምድር ካህን ቤት ነው፤ ነብር ቆዳ የሚለብሰው ሰው። ካህኑ የገዳዩን ክንድ በጦር ጫፍ ቧጦ ደም ያወጣል። ይህ ሳይደረግ ገዳዩ ቢበላ ወይም ቢጠጣ የሟች ደም ገብቶ ይገድለዋል ተብሎ ይታመናል። ከዚያም ካህኑ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳል። የሟች ቤተሰብ መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ እንቢ ማለቱ ለሟቹ የሚገባው ክብር ነው። በመጨረሻ ከ40 እስከ 50 የሚደርሱ ከብቶች ይከፈላሉ። ከብቶቹ በከንቱ አይነዱም፦ በእነርሱ ለሟቹ ስም ሚስት ይጋባል፣ ልጅ ይወለዳል፣ የጠፋው ስም በምድር ላይ ይቀጥላል።

በአኝዋክ ዘንድ ደግሞ «ዲሙይ» የሚባለው የተወረሰ ዶቃ የጋብቻና የካሳ መሠረት ነበር። ደርግ ይህን ልማድ «ኋላ ቀር» ብሎ በዘመቻ ተዋግቶታል። የማኅበረሰቡን የዕዳና የዕርቅ መዝገብ እያቃጠለ መሆኑን የተረዳ የዘመቻ ካድሬ ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

ደገኛው አድማጭ ይህን በንቀት እንዳይሰማ አሳስባለሁ። በአማራው አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ በኦሮሞው ጉማ አለ። የእኛም አያቶች ሬሳ በቆጠሩ ቁጥር ወደ ዳኛ አልሮጡም። እነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ ሦስት ነገር ያደርጋሉ፦ ገዳዩ ድርጊቱን እንዲያምን ያስገድዳሉ፣ ኪሳራውን ከአንድ ቤት አውጥተው ለብዙዎች ያካፍላሉ፣ ሟቹም ዋጋ የነበረው ሰው መሆኑን በአደባባይ ይመሰክራሉ። ብዙ የዘመናችን «የይቅርታ ቀን» በዓላት ከሦስቱ አንዱንም አያደርጉም።

ሆኖም ሥርዓቱ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ የንግግሬም እምብርት ይህ ነው። ከብቱ ሁሉ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ እንኳ የሁለቱ ቤተሰብ ልጆች ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። ኑዌሮች በመካከላቸው አጥንት እንዳለ ይቆጥሩታል። ጦርነቱ ቆሟል፤ ዕዳው ተከፍሏል፤ ጽዋው ግን እንደ ተለየ ነው። ሥርዓቱ ሰላምን ሲሰጥ ማዕድን አልሰጠም።

አሁን በዚህ መንደር ላይ የጌታ እራት የሚባለውን ሥርዓት አስቀምጡት። ከአንድ እንጀራና ከአንድ ጽዋ የሚካፈል ሕዝብ! ለእኛ ከልጅነት ስለለመድነው ምንም አይመስለንም። የሟች ወንድምና የገዳይ ወንድም በአንድ ጉባኤ ውስጥ ሲቀመጡ ግን ጽዋው ወደ ረድፉ በቀረበ ቁጥር ጥያቄ ይሆናል። ሚሲዮናውያኑ ይዘውት የመጡት የይቅርታ ትምህርት በአብዛኛው የግለሰብ ነበር፦ አንተ ኃጢአትህን ተናዘዝ፣ አንተ ነጻ ውጣ። ቆላው የጠየቀው ደግሞ የጋራ ጥያቄ ነበር፦ የእኔ ወገን ከእርሱ ወገን ጋር መጠጣት ይችላልን? የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ነፍስ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ማዕድ ነው። ወንጌሎቹን የሚያነብ ሰው ግን ሁለቱ እንደማይለያዩ ያውቃል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ባለው ምሳሌ ብዙ ዕዳ የተተወለት አገልጋይ ትንሽ ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ይይዛል። በመጨረሻ እስር ቤት ሥቃይ ውስጥ የሚገባው አናቂው ነው። አንቆ የያዘ እጅ እንደ ታነቀው አንገት ነጻነት የለውም። እዚህ ላይ «ደመኛ» የሚለው ቃላችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠራበት ምክንያት ይገባናል።

ጥይትና ስም የለሽ ደም

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገዳይ ሲታወቅ ነው። ጦር የወረወረ ሰው ይታወቃል። ጥይት ግን በሌሊት ከሩቅ ይመጣል። ሻሮን ሃቺንሰን የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ የጦር አዛዦች ኑዌር ወታደሮቻቸውን ምን እንዳስተማሩ ጽፈዋል። ሰው በራሱ ጠብ ሲገድል ካሳና መንጻት አለበት፤ «በመንግሥት ጦርነት» ሲገድል ግን የሟቹ ደም አይከተለውም ተባለ። አስቡት። በአንድ ትእዛዝ የሺህ ዓመት ኅሊና እንዲሰረዝ ተሞከረ። ብዙ ወታደሮች ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ እንዳልተቀበሉትም እኒሁ ምሁር ይነግሩናል፤ በሌሊት የሚመጣውን ሟች ማንም አዛዥ ሊያዝዘው አልቻለምና።

ጋምቤላ የዚያ ጦርነት ጓሮ ነበረች። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢታንግና ፉኝዶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደቡብ ሱዳናውያንን አስጠለሉ፤ የኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. ሠፈርም ነበሩ። በዚያው ዘመን ከሰሜንና ከደቡብ በድርቅ የተጎዱ ወገኖች በሠፈራ መጡ። ጠመንጃ ረከሰ፤ መሬት ጠበበ፤ ማን የማን ባለ ዕዳ እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ጠፋ። ሰው የሚበቀለው ግለሰብን ሳይሆን መልክን ሆነ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. የሆነውን እዚህ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ከከተማው ውጭ የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኞችን የያዘ ተሽከርካሪ ተደብድቦ ስምንት ሰዎች ተገደሉ። አጥቂዎቹ አኝዋኮች ናቸው ተብሎ ታመነ። ሬሳዎቹ ወደ ከተማ ገብተው በአደባባይ ታዩ። ከዚያ በኋላ ወታደሮችና ደገኛ ነዋሪዎች በአኝዋክ ሠፈሮች ላይ ወረዱ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የሟቾችን ቁጥር እስከ 424 ያደርሰዋል፤ መንግሥት የሰየመው አጣሪ ኮሚሽን ያስቀመጠው ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሱዳን ፖቻላ ተሻገሩ።

ለዛሬው ጉዳያችን ሦስት ነገሮች ብቻ ልጥቀስ። አንደኛ፣ ከሟቾቹ መካከል የተሽከርካሪውን ጥቃት ያልሰሙ እንኳ ነበሩ፤ የተገደሉት በመልካቸው ነው። ሁለተኛ፣ ገዳዮቹም ተገዳዮቹም ራሳቸውን ክርስቲያን የሚሉ ነበሩ፤ እሑድ በተለያየ ደጅ ቢገቡም የሚደግሙት ጸሎት አንድ ነው፤ በጸሎቱ ውስጥም ስለ በደል መተው የሚናገር ክፍል አለ። ሦስተኛ፣ ኩዋር ሙኦን የሚቧጭረው ክንድ አልነበረም። ዩኒፎርም የለበሰ ክንድ በየትኛው ጦር ይቧጠጣል?

ማመንና ማመን

ከዚያ በኋላ ለአኝዋክ እናቶች «ይቅር በሉ፣ በእግዚአብሔር ታመኑ» ማለት ምን ትርጉም አለው? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እንዲህ ያለው ስብከት ሁለተኛ በደል ሊሆን ይችላል። ተበዳይ ልጁን ካጣ በኋላ የአካባቢውን ጸጥታ የማስጠበቅ ሥራ ሲሰጠው ይቅርታ የባለ ሥልጣን መሣሪያ ይሆናል። ይህን ስል ይቅርታን እየተቃወምኩ አይደለም፤ የሚያረክሰውን አጠቃቀም እየለየሁ ነው።

አማርኛ እዚህም ይረዳናል። «አመነ» የሚለው ግስ ሁለት ፊት አለው። በእግዚአብሔር አመነ እንላለን፤ ጥፋቱን አመነ እንላለን። ተበዳይ በመጀመሪያው መንገድ እንዲያምን ስንለምነው በዳይ በሁለተኛው መንገድ ማመን እንዳለበት ቃላችን ራሱ ያስታውሰናል። በጋምቤላ የመጀመሪያው ማመን ብዙ ጊዜ ተጠየቀ፤ ሁለተኛው ግን ዘገየ፣ በብዙ ቦታም እስካሁን አልመጣም።

እንግዲያው ተበዳይ የበዳይን ማመን እስኪሰማ ድረስ ታስሮ ይኑር? ክርስትና እዚህ ላይ ያለው መልስ ከባድ ነው፤ ሰባኪዎች ከሚያቀርቡትም ይልቅ የሚያስፈራ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 12 በቀልን ለእግዚአብሔር ስለ መተው ይናገራል። በቀል የለም አላለም፤ ባለቤቱ ሌላ ነው አለ። ክሮኤሺያዊው የሥነ መለኮት ምሁር ሚሮስላቭ ቮልፍ አገራቸው በጦርነት በነደደችበት ዘመን፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ ወስደውታል። እጅን ከሰይፍ መመለስ የሚቻለው፣ ይላሉ፣ በመጨረሻ የሚፈርድ አምላክ አለ ብሎ በማመን ነው፤ የማይፈርድ አምላክን መስበክ የሚቻለው መንደሩ ባልተቃጠለበት ጸጥተኛ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። በጋምቤላ ዓይን ሳየው ይህ ክርክር ይገባኛል። ደሙን የለቀቀ ሰው «ደሙ ምንም አይደለም» አላለም። ከእርሱ ለሚበልጥ ዳኛ አስረከበው፤ እርሱም ማደባቱን ትቶ ተኛ። መንፈሳዊ ነጻነት በዚህ ቦታ ያለው ትርጉም እንዲህ ያለ ተጨባጭ ነገር ነው፦ እንቅልፍ፣ ያለ መሣሪያ ገበያ መውጣት፣ ለልጅ የደመኛን ስም አለማስተማር።

እምነት የሌላቸውም ይህን አይተዋል። ሐና አረንት በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የተደረገ ነገር ሊመለስ ስለማይችል የሰው ልጅ ከመጀመሪያው ድርጊት ሰንሰለት የሚያመልጥበት መንገድ ይቅርታ ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። ይህን ለሰው ልጆች ጉዳይ ያገኘውም የናዝሬቱ ኢየሱስ ነው ይላሉ፤ ጸሐፊዋ አይሁዳዊት መሆናቸውን አትርሱ።

ተግባሩ ግን ከሐሳቡ ይከብዳል። ራሷ ቤተ ክርስቲያን ምን ሆነች? በክልሉ ያለችው መካነ ኢየሱስ የምሥራቅ ጋምቤላ ቤቴል ሲኖዶስና የምዕራብ ጋምቤላ ቤቴል ሲኖዶስ የሚባሉ ሁለት ሲኖዶሶች አሏት፤ የመጀመሪያው በአመዛኙ የአኝዋክ፣ ሁለተኛው በአመዛኙ የኑዌር ነው። ለአስተዳደርና ለቋንቋ መለየቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰው በአፍ መፍቻው መጸለይ አለበት። ዶክተር ደረጀ ፈይሳ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን የአኝዋክና የኑዌር ፉክክር ከመሬትና ከምክር ቤት ወንበር አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደ ገባ አሳይተዋል። የጽዋው ጥያቄ፣ ያ የድሮው አጥንት፣ በሌላ ልብስ ተመለሰ። ይህን የምናገረው ለመክሰስ አይደለም። ወንጌሉ ሲሰበክ የጎሣው አጥር በራሱ ይፈርሳል የሚለውን የዋህ ግምት የታሪክ ተማሪ እንዲጠራጠር ነው።

በሌላ በኩል ከዚያው እሳት የወጣ ሌላ ድምፅ አለ። ኦባንግ ሜቶ የጋምቤላ ልጅ ናቸው፤ በ1996ቱ እልቂት ዘመዶችና ወዳጆች አጥተዋል። መጀመሪያ በአኝዋክ ጀስቲስ ካውንስል ስለ ወገናቸው ፍትሕ በዓለም ፊት ተከራከሩ። ከዚያ በ2008 እ.ኤ.አ. የመላ ኢትዮጵያውያን የሆነ የአንድነት ንቅናቄ መሠረቱ፤ ሰብአዊነት ከጎሣ እንደሚቀድም፣ ሌላው ነጻ ሳይሆን አንዱ ብቻውን ነጻ ሊሆን እንደማይችል በየመድረኩ ተናገሩ። በፖለቲካቸው ተስማሙ አትስማሙ፣ ይህ ሽግግር በታሪክ ሊጠና የሚገባው ነው። ለሟቾች ዝርዝር የያዘ ሰው ዝርዝሩን ሳይጥል፣ ቁጥሩንም ሳይቀንስ፣ የገዳዮቹን ልጆች ጭምር ነጻ ለማውጣት ሲነሣ ይቅርታ ዝምታ አለመሆኑን ያሳያል። ፍትሕን መጠየቅና ቂምን መልቀቅ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ። በምዕራቡ አገራችን የጉዲና ቱምሳን ታሪክ የምታውቁ ተመሳሳይ ነገር ታስታውሳላችሁ፤ እኒህ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ከአገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብላቸው ምእመናኑን ትተው አልሄዱም፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳም ለአሥር ዓመታት ታሰሩ። በእግዚአብሔር መታመን ከእስር እንደሚያስመልጥ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው በእነርሱ ሕይወት አያገኘውም። ያገኘው ይሆናል ብዬ የማስበው እስሩ ሊነካው ያልቻለውን ነገር ነው።

ከድንበሩ ማዶም የሚጠቅመን ምሳሌ አለ። በየካቲትና በመጋቢት 1999 እ.ኤ.አ. የኒው ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በዉንሊት መንደር የኑዌርንና የዲንቃን አለቆች ሰበሰበ። ጉባኤው ሲከፈት ነጭ በሬ ታረደ፤ ፓስተሮቹ ጸለዩ፤ የጥንቱ ሥርዓትና አዲሱ እምነት እርስ በርስ አልተናነቁም። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን የደረሰበትን በደል በዝርዝር ተናገረ፤ ሌላው ተቀምጦ ሰማ። የተጠለፉት ሴቶች፣ የተነዱት ከብቶች፣ የተቃጠሉት ቤቶች በስማቸው ተጠሩ። ስምምነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱም «ማመን» በአንድ ጥላ ሥር ተቀመጡ ማለት ነው። ስምምነቱ በአካባቢው ለተወሰኑ ዓመታት ጸና፤ ፖለቲከኞች ሲመለሱበት ደግሞ ተጎዳ። ሲጸና የጸናው በምን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው።

በመጨረሻ ወደ ጋምቤላ ልመለስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. የሙርሌ ታጣቂዎች ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው በጂካዎና በላሬ ወረዳዎች የኑዌር መንደሮችን ወረሩ። መንግሥት በወቅቱ እንደ ገለጸው ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ተወሰዱ፣ ከ2000 በላይ ከብቶች ተነዱ። ከስድስት ቀን በኋላ በጀዊ የስደተኞች መጠለያ የአንድ የረድኤት ድርጅት ተሽከርካሪ ሁለት ሕፃናትን ገጭቶ ገደለ፤ በቁጣ የተነሡ ስደተኞች በአደጋው እጅ የሌለባቸውን ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ገደሉ። ሙርሌን ያላገኘው ኀዘን ያገኘውን መታ። በእነዚያ ስድስት ቀናት ውስጥ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ አለ፦ የማይታወቅ ገዳይ፣ በመልክ የሚጠየቅ ዕዳ፣ ጊዜ ያላገኘ ኀዘን።

ከተወሰዱት ሕፃናት ከፊሎቹ በየተራ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። ጠላፊው የወሰደውን ልጅ እንደ ራሱ ያሳድገዋል ይባላል። እንግዲህ በዚያን ዕለት በአንቀልባ የተወሰደ ሕፃን ዛሬ የሙርሌ ወጣት ሊሆን ተቃርቧል፤ በሙርሌኛ ይናገራል፣ የሙርሌን ከብት ይጠብቃል። በጂካዎ ያለችው እናቱ ሙርሌን ሁሉ ደመኛ ብላ ከጠራች ስሙ በልጇም ላይ ያርፋል። ለዚህች እናት ይቅርታን የሚሰብክ ሰው መጀመሪያ ምን ሊላት እንደሚገባ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ልጁ እንድትናገር ጠይቆ ቁጭ ብሎ መስማት። ስንት ዓመቱ እንደ ነበር፣ ማንን እንደሚመስል፣ ስሙ ማን እንደሆነ።

 ጥያቄዎቻችሁን፣ በተለይም ከጋምቤላ የመጣችሁ ተማሪዎች እርማታችሁን፣ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።